ካንሰር ያላቆመውን ተጫዋች እየጎተተ ያባረረው ሊግ

እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1993 ጠዋት የፒትስበርግ ፔንግዊንስ አምበል ማሪዮ ለሚዩ የመጨረሻውን የጨረር ሕክምና ወሰደ። ሕመሙ ሆጅኪን የሚባለው የሊምፍ ካንሰር ነበር። ከሕክምናው እንደወጣ ወደ ፊላደልፊያ በረረ፤ ማታ ማሊያውን ለብሶ በረዶው ላይ ወጣ። የፊላደልፊያ ደጋፊ ለእንግዳ ቡድን የማይራራ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ከመቀመጫው ተነስቶ ረጅም ጭብጨባ አጨበጨበለት። ለሚዩ አንድ ግብ አስቆጥሮ ሌላ አንድ አቀበለ። ቡድኑ 5 ለ 4 ተሸንፏል፤ ያንን ውጤት ግን ዛሬ የሚያነሳው የለም።

በዚያ የውድድር ዘመን ለሚዩ በሕመሙ ምክንያት ከ84 ጨዋታዎች 60ውን ብቻ ነው የተጫወተው። እንደዚያም ሆኖ 160 ነጥብ ይዞ የሊጉ አንደኛ ሆነ። በሆኪ ተጫዋች ላስቆጠረው ግብም ሆነ ለግብ ላቀበለው እኩል አንድ አንድ ነጥብ ይቆጠርለታል። ሁለተኛ የወጣው ፓት ላፎንቴይን 84ቱንም ጨዋታ ተጫውቶ 148 ነጥብ ነበረው። ካንሰር ይዞት፣ ሁለት ወር ያህል ቀርቶ እንኳ የሚደርስበት አልተገኘም ማለት ነው።

ታዲያ ይኸው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ በ31 ዓመቱ «በቃኝ» ብሎ ጫማውን ሰቀለ። ደክሞ ነው እንዳይባል በዚያም ዓመት 122 ነጥብ ይዞ አንደኛው እሱ ነበር። ጀርባው ክፉኛ ያመው ነበር፣ ያ እውነት ነው፤ የጫማውን ማሰሪያ ጎንበስ ብሎ ማሰር የሚያቅተው ጊዜ ነበር። ራሱ ደጋግሞ ያነሳው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ተከላካዮች ይይዙታል፣ በዱላ ወገቡን እየጠለፉ ይጎትቱታል፣ ዳኛው አይቶ ዝም ይላል፤ እንዲህ ሆኖ መጫወት ደስታው ጠፋ። ነገሩ የቆየ ነው። በ1992 ሊጉን «የጋራዥ ሊግ» ብሎ ሰድቦ 1,000 ዶላር ተቀጥቷል። ያኔ ብዙ ሰው የሀብታም ተጫዋች ለቅሶ አድርጎ ነበር የወሰደው።

አንድ ስፖርት ምርጥ ሰውን እንዲህ ሊያጣ የቻለው እንዴት ነው? መልሱ አንድ ተከላካይ ወይም አንድ ክፉ ዳኛ አይደለም። የአጨዋወት ስልት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕጉ እያለ የማይሠራበት ልማድ ነው።

ግማሽ ሰከንድ

በረዶ ሆኪ ለብዙ የአማርኛ አንባቢ ሩቅ ጨዋታ ነው። በእስራኤልም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ከመቱላው የካናዳ ማዕከል ብዙም ርቆ አያውቅም። በኢትዮጵያ ገጠር ያደገ ሰው ግን የገናን ጨዋታ አይረሳም፤ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ሩር፣ ሜዳ ሙሉ ጎረምሳ። ሆኪን የዚያ ዘመድ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ሩሩ እዚህ ፓክ የሚባል 170 ግራም ያህል የሚመዝን ጠፍጣፋ ጎማ ነው። ሜዳው በረዶ ነው፤ የሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል፣ የሚጫወትበት ርዝመቱ 61 ሜትር፣ ስፋቱ 26 ሜትር ነው። በየቡድኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይሰለፋል፤ ጨዋታው ስለሚያደክም ተጫዋች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ይቀየራል። ጫማቸው ስለት አለው፣ ፍጥነታቸው የመኪና ያህል ነው።

በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን ተመታሁ ብሎ አይቆጣም ይባላል። የካናዳ ሆኪም ይህን የመሰለ ልማድ አለው፤ የተመታ ተጫዋች አይከስም፣ አያለቅስም፣ ጥርሱን ለቅሞ ይነሳል። ለሚዩን ያስተዛዘበውም ይኸው ነው። ኮከብ ሆኖ ተናገረ።

ሕጉ ምን ይላል? ፓኩን የያዘውን ሰው በትከሻና በሰውነት መግጨት ይፈቀዳል። ያልያዘውን መግጨት፣ ማንንም ቢሆን በእጅ መያዝ፣ በዱላ መጥለፍና መጎተት አይፈቀድም፤ ያደረገው ሰው 2 ደቂቃ ውጭ ይቀመጣል፣ ቡድኑም አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል። ይህ ትናንት የወጣ ሕግ አይደለም፤ ከጥንትም ነበር። ዳኞች ግን ለእያንዳንዷ ጉተታ ፊሽካ ቢነፉ ጨዋታው ይበላሻል ብለው ያስቡ ነበር። ውጤቱ እኩል ከሆነ ወይም ሰዓቱ ካለቀ ደግሞ «ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይወስኑት» እየተባለ ጭራሽ ዝም ይባላል።

ይህ ዝምታ ሁሉን እኩል የሚጎዳ ይመስላል እንጂ እኩል አይጎዳም። ባለ ጥበብ ተጫዋች ሀብቱ ግማሽ ሰከንድ ናት። ፓኩን አታልሎ ያሳልፋል፣ ተከላካዩን ግማሽ ሰከንድ ይቀድማል፣ በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሌሎች የማያዩትን ክፍተት አይቶ ያቀብላል። ተከላካዩ ዱላውን ወገቡ ላይ ጣል አድርጎ ትንሽ ቢይዘው ያቺ ግማሽ ሰከንድ ትጠፋለች። ሩጫውም፣ ማታለሉም፣ ለዓመታት በጠዋት እየተነሳ የተለማመደውም በአንድ ጉተታ ከንቱ ይቀራል። ጥበብ የሌለው ተጫዋች ግን መጀመሪያም ያቺ ግማሽ ሰከንድ ስለሌለችው የሚያጣው የለም። እንዲያውም ያተርፋል፤ እሱም መጎተት ይችላል።

ዘበኛ የሚቀጠርበት ሰፈር

ድሮ ኮከቦችን የሚጠብቀው ሕጉ ሳይሆን ጡንቻ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ዌይን ግሬትስኪ ከ84 ኪሎ ያልዘለለ ቀጭን ሰው ነው። በ1981-82 የውድድር ዘመን 92 ግብ አገባ፣ በ1985-86 ደግሞ 215 ነጥብ ሰበሰበ፤ 215ቱ ላይ እስከ ዛሬ የደረሰ የለም። ታዲያ ይህን ቀጭን ሰው ለምን አልሰበሩትም? አንደኛው ምክንያት ብልህ ነበር፤ ግጭት ሳይደርስ ያየዋል። ሌላው ምክንያት ኤድመንተን ውስጥ አብሮት ይጫወት የነበረው ዴቭ ሰሜንኮ የሚባል ግዙፍ ሰው ነው። ግሬትስኪን የነካ ከሰሜንኮ ጋር እንደሚተያይ ሁሉም ያውቅ ነበር። በኋላ ይህን ሥራ ማርቲ ማክሶርሊ ወረሰው። በኦገስት 1988 ግሬትስኪ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሸጥ ማክሶርሊም በዚያው ውል አብሮ ሄደ፤ ሙሽራ ያለ ሚዜ እንደማይወጣ ማለት ነው።

የሆኪ ሽማግሌዎች ይህን ዘመን በናፍቆት ያነሱታል፤ «ያኔ ኮከብ ይከበር ነበር» ይላሉ። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን የሚያስመካ አይደለም። ዘበኛ የሚቀጠረው ፖሊስ በማይደርስበት ሰፈር ነው። ሰሜንኮ የሌለው፣ በደካማ ቡድን ውስጥ የሚጫወት ባለ ጥበብ ልጅስ ማን ነበረው?

ማንም አልነበረውም። የሶቪየቱን ቫለሪ ካርላሞቭን ማስታወስ ይበቃል። በ1972 ካናዳና ሶቪየት ኅብረት ባደረጉት ታሪካዊ ግጥሚያ ቦቢ ክላርክ የተባለው ካናዳዊ ቁርጭምጭሚቱን በዱላ መታው። ክላርክ ኋላ የፊላደልፊያ አምበል ሆነ። ይህ ቡድን «የብሮድ ስትሪት ጉልበተኞች» የሚል ስም ያወጣ፣ በዱላና በቡጢ ባላጋራውን እያስፈራራ በ1974ና በ1975 ዋንጫ የወሰደ ነው። ዴቭ ሹልትዝ የተባለው ተጫዋቻቸው በአንድ የውድድር ዘመን 472 ደቂቃ ቅጣት ተቀብሏል፤ ወደ 8 ሰዓት የሚጠጋ መሆኑ ነው። በጃንዋሪ 1976 የሞስኮው ሲ ኤስ ኬ ኤ ፊላደልፊያ መጥቶ ሲጫወት ካርላሞቭ እንደገና ተመትቶ በረዶው ላይ ተዘረረ። ሩሲያውያኑ ሜዳውን ጥለው ወጡ፤ ካልተመለሳችሁ ገንዘባችሁን አትቀበሉም ሲባሉ ተመልሰው 4 ለ 1 ተሸነፉ።

በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ግን ሞንትሪያል ካናዲየንስ ፊላደልፊያን በዋንጫው ፍጻሜ 4 ለ 0 ጠረገው። ሞንትሪያል ፈጣንና ጥበበኛ ቡድን ነበር፤ ሆኪ ወዳዶች «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። በዚያ የሞንትሪያል ቡድን ውስጥ ዣክ ለሜር የሚባል ብልህ አጥቂ ነበር። ስሙ ይያዝ።

ወጥመዱ

ለሜር ከ17 ዓመት በኋላ የኒው ጀርሲ ዴቭልስ አሰልጣኝ ሆኖ ብቅ አለ። ይዞት የመጣው ስልት የመሃል ሜዳ ወጥመድ ይባላል። ባላጋራው ፓኩን ይዞ ከራሱ ሜዳ ሲወጣ ማንም አይሮጥበትም። አንድ ሰው ብቻ ወደ ጠርዙ ገፋ ያደርገዋል፤ የቀሩት አራቱ መሃል ላይ ተደርድረው ይጠብቁታል። መሄጃ ሲያጣ ፓኩን ይነጥቁታል፣ ወይም እሱ ራሱ ወደ ፊት ወርውሮ ይገላገላል። በ1995 ኒው ጀርሲ በዚህ መንገድ በኮከብ የታጨቀውን ዲትሮይትን 4 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ጉልበተኞቹን በጥበብ ካሸነፉት አንዱ የነበረው ሰው ጥበብን የሚያንቅ ገመድ ገመደ።

ለሜርን መውቀስ ግን ልክ አይደለም። ወጥመዱ በራሱ ሕጋዊ ነው፤ እንዲያውም የብልህ ሰው ሥራ ነው። መበላሸቱ ከጉተታው ጋር ሲጋባ ነው። በወጥመዱ መሃል ሰንጥቆ ሊያልፍ የቻለውን ያንን አንድ ፈጣን ልጅ ዱላ ከኋላ ይጠልፈዋል፤ ዳኛውም አይነፋም። ሊጉ ደግሞ በዚያው ጊዜ እየሰፋ ነበር። በ1990-91 የነበሩት 21 ቡድኖች በ2000-01 ላይ 30 ሆነዋል። አዲስ ቡድን ኮከብ የለውም፣ ኮከብ የሚገዛበት ገንዘብም የለውም። ታታሪ፣ ግዙፍና ዱላው የረዘመ ተከላካይ ግን በርካሽ ይገኛል። ለደካማ ቡድን አሰልጣኝ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ማን ይፈርድበታል?

ውጤቱን ቁጥሩ ይናገራል። በ1992-93 የውድድር ዘመን 21 ተጫዋቾች 100 ነጥብና ከዚያ በላይ ሲይዙ 14ቱ 50 ግብ ደርሰው ነበር። በ2003-04 ከመላው ሊግ 100 ነጥብ የደረሰ አንድም ሰው የለም። 50 ግብ ያገባም የለም፤ ሦስት ሰዎች በ41 ግብ እኩል አንደኛ ሆኑ። በአንድ ጨዋታ ሁለቱም ቡድኖች በአማካይ ከ7 በላይ ያገቡ የነበረው ወደ 5 ወረደ። የበረኞች መከላከያ ልብስ እያበጠ መምጣቱም ድርሻ አለው፤ ሁሉም በወጥመድና በጉተታ ብቻ አይሳበብም። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ጨዋታ በቪዲዮ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ፓክ ያልያዙ ሰዎች እንደ ታጋይ ተቃቅፈው ሲንሸራተቱ ይታያል።

«እውነተኛ ጥበብ ያለው መንገዱን አያጣም» የሚል ክርክር አለ። ለዚህ የሚጠቀሰው ማርቲን ሴንት ሉዊ ነው። ቁመቱ 173 ሴንቲ ሜትር፣ ወጣት ተጫዋቾች በሚመረጡበት ጊዜ ማንም ቡድን ያልመረጠው፣ ካልጋሪ በ2000 አያስፈልገንም ብሎ የለቀቀው ልጅ ነበር። ይኸው ልጅ በዚያ በደረቁ ዓመት፣ በ2003-04፣ በ94 ነጥብ ሊጉን መርቶ፣ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ፣ ከታምፓ ቤይ ጋር ዋንጫ ወሰደ። የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ወንዙን ተሻግሮ የወጣው ይታያል እንጂ የሰመጠው አይታይም። «ትንሽ ነህ» እየተባሉ ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ ወደ ቤት የተላኩትን የቆጠራቸው የለም።

ጭንቅላት

የነጥብ ነገር ገና ቀላሉ ነው። ከባዱ የሰውነት ነገር ነው፤ ይልቁንም የጭንቅላት።

ፖል ካሪያ በ1990ዎቹ ለአናሃይም የሚጫወት፣ እንደ ጥይት የሚበር፣ ጨዋነቱ የተመሰከረለት ልጅ ነበር። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1998 ግብ አስቆጥሮ ገና ሳይረጋጋ ጋሪ ሱተር የተባለ ተከላካይ በሁለት እጁ በያዘው ዱላ መንጋጋውን መታው። የኤን ኤች ኤል ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳተፉበት የናጋኖ ኦሎምፒክ ሊጀመር ቀናት ቀርተውት ነበር። ካሪያ ኦሎምፒኩ አመለጠው፣ የዚያ ዓመት ጨዋታው ሁሉ ቀረ። ሱተር 4 ጨዋታ ተቀጣና እሱ ናጋኖ ሄዶ ለአሜሪካ ተጫወተ።

በ2003 የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ስኮት ስቲቨንስ ካሪያን በትከሻው ገጭቶ ራሱን አሳተው። ካሪያ በረዶው ላይ ተዘርሮ ቆየ፤ ከዚያ ዓይኑን ገለጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ገባና ግብ አስቆጠረ። ያኔ ይህ እንደ ጀግንነት ታየ፤ ዛሬም የሚያጨበጭብለት አለ። አሁን ስለ አንጎል መናወጥ የሚታወቀውን ይዞ ያንን ቪዲዮ የሚያይ ሰው ግን ሆዱ ይረበሻል። ካሪያ በ2011 በተደጋጋሚ የአንጎል ጉዳት ምክንያት ጨዋታ አቆመ።

ጉዳዩ የትንንሾች ብቻ እንዳይመስል ኤሪክ ሊንድሮስ አለ። ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ፣ ሲጫወትም ራሱ የሚገጭ ሰው። በሜይ 26 ቀን 2000 አንገቱን ደፍቶ ፓኩን እያየ ሲሮጥ ይኸው ስቲቨንስ አገኘው። ሊንድሮስ ከዚያ በፊትም ጭንቅላቱን ደጋግሞ ተመትቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሊንድሮስ ሆኖ አያውቅም። ታናሽ ወንድሙ ብሬት ደግሞ በዚሁ ጉዳት ምክንያት ገና በ20 ዓመቱ ነው ጨዋታ ያቆመው። የስቲቨንስ ምቶች በጊዜው ሕግ ትክክል ነበሩ፤ ዳኛው የሚነፋበት ምክንያት አልነበረውም።

ፊሽካው ሲነፋ

እግር ኳስም ይህን ጎዳና ያውቀዋል። ፔሌ በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ተረግጦ፣ እያነከሰ ነው የወጣው፤ ቢጫና ቀይ ካርድ በቀጣዩ፣ በ1970ው ዋንጫ ላይ መጣ። ማርኮ ቫን ባስተን ቁርጭምጭሚቱ አልቆ በ28 ዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ፤ ከኋላ የሚገባ አደገኛ ሸርተቴ ቀይ ካርድ እንዲያሰጥ የታዘዘው ከዓመታት በኋላ ነው። ሕግ ሁልጊዜ የሚመጣው ከአንድ ሰው እግር በኋላ ነው።

ሆኪ እንዲያስብ ያደረገው ግን የገንዘብ ጠብ ነው። በ2004-05 የክለብ ባለቤቶችና ተጫዋቾች በደመወዝ አልስማማ ብለው ሙሉ የውድድር ዘመን ተሰረዘ። ሜዳው ባዶ በነበረበት በዲሴምበር 2004 ብሬንደን ሻናሃን የተባለ አንጋፋ ተጫዋች ተጫዋቾችን፣ አሰልጣኞችንና ዳኞችን ቶሮንቶ ላይ ሰብስቦ «ይህ ጨዋታ ምን ነካው?» ሲል ጠየቀ። ሊጉ በ2005 መኸር ሲመለስ ብዙ ነገር ተቀየረ፤ የበረኛ መከላከያ ተቀነሰ፣ ረጅም ቅብብል ተፈቀደ። ትልቁ ለውጥ ግን አዲስ ሕግ አልነበረም። በመጽሐፉ ላይ የነበረው አሮጌ ሕግ እንደተጻፈው ይፈጸም ተባለ፤ ዱላህን ሰው ወገብ ላይ ካሳረፍክ 2 ደቂቃ፣ በቃ።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ሁሉ ቅጣት ሆነ፣ አሰልጣኞች አጉረመረሙ። ቢሆንም በዚያው ዓመት 7 ተጫዋቾች 100 ነጥብ ደረሱ፣ 5ቱ ደግሞ 50 ግብ አገቡ። የ20 ዓመቱ ሩሲያዊ አሌክሳንደር ኦቬችኪን በመጀመሪያ ዓመቱ 106 ነጥብ፣ የ18 ዓመቱ ሲድኒ ክሮዝቢ 102 ነጥብ ያዙ።

ክሮዝቢ የተመረጠው ለፒትስበርግ ነው። ወጣት ስለሆነ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ከሚኖር ብሎ አንድ ሰው ቤቱ አስገባው፤ ያ ሰው ማሪዮ ለሚዩ ነው። ለሚዩ በ1999 የከሰረውን ክለብ ያልተከፈለውን ደመወዝ ወደ ድርሻ ቀይሮ ገዝቶት ነበር። በዲሴምበር 2000 ደግሞ ሲጫወት አይቶት የማያውቅ የ4 ዓመት ልጅ ስላለው ተመልሶ ጫማውን አጠለቀ፤ በተመለሰበት ምሽት 33 ሰከንድ ሳያልፍ ለግብ አቀበለ። እናም በ2005 መኸር የ40 ዓመቱ ለሚዩና የ18 ዓመቱ ክሮዝቢ አንድ ቤት እራት በልተው፣ አንድ ማሊያ ለብሰው፣ ለሚዩ 13 ዓመት የለመነው ሕግ በሚፈጸምበት ሜዳ ለጥቂት ወራት አብረው ተጫወቱ።

ያልታሰበው ዋጋ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። ግን ጉተታው አንድ ማንም ያላሰበው ሥራ ይሠራ ነበር፤ ፍጥነት ይቀንስ ነበር። መጎተት ሲቀር ሁሉም እንደ ልቡ ሮጠ፤ አጥቂውም፣ ሊገጨው የሚመጣውም። የግጭቱ ኃይል ጨመረ።

በማርች 7 ቀን 2010 የቦስተኑ አቀባይ ማርክ ሳቫርድ ፓኩን መትቶ በጨረሰበት ቅጽበት፣ ከማያይበት ጎን ማት ኩክ በትከሻው ጭንቅላቱን መታው። ዳኛው አልነፋም፣ ሊጉም ኩክን አልቀጣም፤ የሚቀጣበት ሕግ አልነበረማ! በዚያው ወር ሊጉ ከማይታይ ጎን ጭንቅላት ላይ የሚያነጣጥር ምት የሚከለክል ደንብ አወጣ። ሳቫርድ ተመልሶ ትንሽ ተጫወተ፤ በጃንዋሪ 2011 እንደገና ተመታና ዳግም አልተጫወተም።

በዚያው ጃንዋሪ ተራው የክሮዝቢ ሆነ። በወሩ 1ኛው ቀን ዴቪድ ስቴከል ጭንቅላቱን ገጨው፤ ከአራት ቀን በኋላ ቪክተር ሄድማን ከግድግዳው ጋር አጋጨው። በ41 ጨዋታ 66 ነጥብ ይዞ ሊጉን እየመራ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ኖቬምበር 21 ቀን 2011 አልታየም። በተመለሰበት ቀን 2 አግብቶ 2 አቀበለ፤ ከ8 ጨዋታ በኋላ ሕመሙ ተመልሶ እስከ ማርች ቀረ። በ24 ዓመቱ ሰው ሁሉ «ይህ ልጅ አለቀ?» ይል ጀመር።

በፌብሩዋሪ 2011፣ ክሮዝቢ ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ፒትስበርግና ኒው ዮርክ አይላንደርስ ያደረጉት ጨዋታ በድብድብ ተሞላ። ለሚዩ በባለቤትነቱ መግለጫ አወጣ፤ ሊጉ እንዲህ ከሆነ አባል ሆኖ መቀጠሉን እንደገና እንደሚያስብበት አስታወቀ። የ1992ቱ ድምፅ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ያላጨበጨቡለት ሰዎች ጠንካራ መልስ ነበራቸው፦ ሳቫርድን የመታው ማት ኩክ የማን ተጫዋች ነው? ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? ፒትስበርግ፤ ማለትም ለሚዩ።

ይህ የለሚዩን ክብር ይቀንሳል ብሎ መደምደም ይቻላል። ይልቁንስ ነገሩ ምን ያህል እንደሚጠልፍ ያሳያል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ኮከብ እንዲጠበቅ ይፈልጋል፣ የባላጋራውን ኮከብ የሚያስፈራራ ሰውም ይፈልጋል። ከወር በኋላ ኩክ የኒው ዮርክ ሬንጀርሱን ራያን ማክዶናህን በክርኑ ጭንቅላቱን መትቶ ለቀሩት 10 ጨዋታዎችና ለመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ዙር ታገደ። ፒትስበርግ አልተከራከረለትም። ኩክ ከዚያ በኋላ አጨዋወቱን ለወጠ፣ ቅጣቱ በእጅጉ ቀነሰ፣ ከሊጉም አልተባረረም። ሰው በልማድ ሳይሆን በቅጣት እንደሚታረም ከእሱ የተሻለ ምስክር የለም።

ፊሽካው ኪስ ሲገባ

ዛሬ የኤን ኤች ኤል ጨዋታ ከ20 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አይነጻጸርም። ድብድብ ቀንሷል፣ የዘበኛነቱ ሥራ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ አጫጭርና ፈጣን ልጆች ቦታ አግኝተዋል። ክሮዝቢ አላለቀም፤ በ2016ና በ2017 ሁለት ዋንጫ ጨመረ። የኤድመንተኑ ኮነር ማክዴቪድ በ2022-23 153 ነጥብ ይዟል፤ በወጥመዱ ዘመን እንዲህ ያለ ቁጥር ሕልም ነበር።

ነገር ግን ሚያዝያ ሲደርስ፣ የጥሎ ማለፉ ጨዋታ ሲጀመር፣ ፊሽካው ቀስ ብሎ ወደ ዳኛው ኪስ ይመለሳል። በጥር 2 ደቂቃ የሚያስቀጣው መያዝ በሜይ «ጠንካራ ጨዋታ» ይባላል። ስለዚህ የቡድን ሥራ አስኪያጆች ክረምቱን ሙሉ በጥበብ አሸንፈው፣ ዝውውሩ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ከባድ ከባድ ተከላካይ ይሸምታሉ። ገበያው ዳኛው የት ላይ ዝም እንደሚል አሳምሮ ያውቃል።

በጁን 2024 ፍሎሪዳ ፓንተርስ ኤድመንተንን በሰባተኛው ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ፍሎሪዳ ጥበብ የሌለው ቡድን አይደለም፤ ግን በእያንዳንዱ ፓክ ላይ ሰውነቱን የሚጥል፣ ባላጋራውን ትንፋሽ የሚያሳጣ ቡድን ነው። ማክዴቪድ በዚያ ጥሎ ማለፍ በሙሉ 42 ነጥብ ይዞ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አንድም ነጥብ አላገኘም። እንደዚያም ሆኖ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች እሱ ተባለ፤ ከተሸነፈ ቡድን በረኛ ያልሆነ ሰው ይህን ሽልማት ሲያገኝ ከ1976 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ የፍሎሪዳ ደጋፊ ጮኸ፣ ካሜራው ወደ መውጫው በር ዞረ። ማክዴቪድ ከመልበሻ ክፍል አልወጣም።